የቆመ አውሮፕላን እንዴት ሰው ይጥላል?

ጥያቄ፦ ልጄ ጅማ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ጫኝ ሆኖ ከተቀጠረ ገና ሁለት ወሩ ነው። ባለፈው እሑድ ቡና ሳፈላ «እማዬ፣ የአውሮፕላን ነፋስ እኮ ሰው ይጥላል» አለኝ። ሂርማታ ገበያ በርበሬ እየሸጥሁ ያሳደግሁት ልጅ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ አውሮፕላን በላያችን ባለፈ ቁጥር ሆዴ ባር ባር ይላል። ያልበረረ፣ መሬት ላይ ያለ አውሮፕላን እንዴት ሰው ይጥላል? ልጄንስ ምን ብዬ ልምከረው?
እናት ነኝ፣ ከጅማ

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅዎ እውነቱን ነው የነገረዎት። እኔ ሃያ ሦስት ዓመት በአውሮፕላን ማቆሚያ ሜዳ ላይ ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ፣ አሁን እዚሁ ጅማ የምኖር ሰው ነኝ። ደብዳቤዎን ሳነብ ልጅዎ የሚቆምበት አስፋልት ፊቴ ላይ መጣ።

ቡና ሲያነፍሱ ገለባው ይሄዳል፣ ፍሬው ሰፌዱ ላይ ይቀራል። የጄት ሞተር ነፋስ ግን ፍሬና ገለባ አይለይም። ሞተሩ አየሩን ከፊት ስቦ ከኋላ በኃይል ይወረውረዋል፤ አውሮፕላኑን ወደፊት የሚገፋው ይኸው ነው። ቦይንግ 737 ሰው፣ ጭነትና ነዳጅ ሲሞላ ከ70 ቶን በላይ ይመዝናል። ይህን ሁሉ ክብደት የሚያንቀሳቅስ አየር አንድ ወጣት ምኑ ነው?

ብዙ ሰው አደጋው አውሮፕላኑ ሊነሣ ሲያገሣ ብቻ ይመስለዋል። ያን ጊዜ ከኋላው ያለው የአደጋ ክልል ከ500 ሜትር በላይ እንደሚዘልቅ እውነት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ሰዓት ነው። ሞተሩ ዝም ብሎ ሲሠራ እስከ 30 ሜትር ገደማ የሚያሰጋው ነፋስ፣ አውሮፕላኑ ከቆመበት ሊንቀሳቀስ ሲል በድንገት ይበረታል። በክረምት ጭቃ የተያዘ ጋሪ ሲገፋ ትልቁን ጉልበት የሚጠይቀው የመጀመሪያው ንቅናቄ ነው፤ ከተንከባለለ በኋላ ይቀልላል። አውሮፕላንም እንደዚሁ ነው። በዚያ ላይ ሲዞር ጅራቱ ስለሚዞር፣ ከደቂቃ በፊት ደኅና የነበረው ቦታ የነፋሱ መንገድ ላይ ይወድቃል።

ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ጣቢያ፣ በዝናብ ሌሊት፣ ባዶ የሻንጣ ጋሪ ፍሬኑ ሳይያዝ ቀርቶ ነበር። አውሮፕላኑ ለመዞር ኃይል ሲጨምር ጋሪው ብቻውን ነጎደና ጎንበስ ብሎ ጎማ ሥር የሚደረገውን ታኮ የሚሰበስብ ባልደረባዬን እግሩን ሰበረው። ጩኸቱን አልሰማንም፤ የሞተሩ ድምፅ ውጦት ነበር። አፉ ተከፍቶ ብቻ ዐየሁት። እስከ ዛሬ ያልያዝሁት ያ ፍሬን ያንገበግበኛል፤ በአጠገቡ አልፌ ነበርና።

በሩቅ አገርም ሆኗል። ካሪቢያን ውስጥ ባለችው ሲንት ማርተን ደሴት ማኮብኮቢያው ከባሕር ዳርቻው ጋር ይዋሰናል፤ ጎብኚዎችም ነፋሱን ሊሞክሩት አጥሩን ይዘው ይቆማሉ። ሐምሌ 5 ቀን 2009 ዓ.ም. የሚነሣ 737 ነፋስ አንዲት የ57 ዓመት የኒው ዚላንድ ሴት ጥሎ ለሞት አበቃት። ነፋሱ ጠጠርም ያነሣል። አስፋልቱ ላይ የተጣለ ብሎን ወይም የላስቲክ ቁራጭ ልጅዎ ቢያነሣ ከሥራው ትንሹ እንዳይመስለው።

የሞተሩ ፊት ደግሞ ከኋላው ይብሳል። የሚገፋ ነፋስ ቢያንስ ያርቅዎታል፤ የሚስብ አየር ግን አይለቅም። ታኅሣሥ 22 ቀን 2015 ዓ.ም. አሜሪካ፣ አላባማ ግዛት፣ ሞንትጎመሪ ላይ አንዲት የመሬት ሠራተኛ ሞተሩ ካልጠፋ ኢምብራየር 175 አውሮፕላን ፊት አልፋ ሕይወቷን አጣች። አውሮፕላኑ ደርሶ ቆሟል፤ ሞተሩ እንዳልጠፋ የሚያስጠነቅቀው ቀዩ መብራት ግን ገና ይበራ ነበር። ሠራተኞቹ ሞተሩ እስኪጠፋ እንዳይጠጉ የተነገራቸውም ከጥቂት ደቂቃዎች በፊት ነበር። እባክዎ ይህን ለልጅዎ ይንገሩልኝ። የቆመ አውሮፕላን ማለት የጠፋ ሞተር ማለት አይደለም።

ለአገር ውስጥ በረራ የሚያገለግለው ኪው400 የተባለ አውሮፕላን ጄት ሳይሆን ባለፕሮፔለር ነው። ስድስት ስድስት ምላስ ያላቸው፣ ከዳር እስከ ዳር 4 ሜትር ገደማ የሚሆኑ ሁለት ፕሮፔለሮች አሉት። በፍጥነት ሲሽከረከሩ ዐይን አያያቸውም፤ ከኋላ ያለው ተራራ ባዶ አየር ውስጥ የሚታይ ይመስላል። ስለዚህ ልጅዎ የሚዞር ነገር ባያይም ሊጠጋ አይገባም።

ልጅዎን የሚመራው ምልክት በአውሮፕላኑ ጀርባና ሆድ ላይ ብልጭ ድርግም የሚለው ቀዩ መብራት ነው። እርሱ እስኪጠፋ፣ ሞተሩ መዞሩን እስኪያቆም፣ ኃላፊውም በእጁ ምልክት እስኪሰጥ ሻንጣው ይጠብቅ። ተሳፋሪ ቢቆጣ ይቆጣ።

በሚቀጥለው እሑድ ሁለተኛውን ሲኒ ሲቀዱለት «ያ ቀይ መብራት ሳይጠፋ ተጠግተህ ታውቃለህ?» ብለው ይጠይቁትና ፊቱን ይዩ። ካመነታ የፈረቃ ኃላፊውን ይጠይቅ። ያ ካሳፈረው ለእኔ ይጻፍልኝ፤ ስሙን ሳላወጣ እመልስለታለሁ።