ራስል ወይስ ቻምበርሊን? ስለ ድሮ ዘመን ለምትከራከሩ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

የቅርጫት ኳስ ክርክራችሁን እወደዋለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ስፖርት ስዘግብ ኖሬ እንኳ «ማን ይበልጣል?» የሚለው ጥያቄ ሰልችቶኝ አያውቅም። ግን ስለ 1960ዎቹ የኤንቢኤ (የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ) ዘመን ስትሟገቱ አንድ ነገር ያሳስበኛል። ስልካችሁን ታወጣላችሁ፣ ቁጥር ታነባላችሁ፣ ከዚያ አለቀ ደቀቀ። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፍላችሁ።)

እኔም በእናንተ ዕድሜ እንዲሁ ነበርኩ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ዊልት ቻምበርሊን ከቢል ራስል እንደሚበልጥ የሚያስረዳ ረጅም ጽሑፍ ጻፍኩ። ማስረጃ ሞልቶኝ ነበር። ቻምበርሊን በ1961–62 የውድድር ዘመን በአማካይ 50.4 ነጥብ አስቆጥሯል፣ 25.7 ሪባውንድ (ሳይገባ የተመለሰ ኳስ) ሰብስቧል። ጨዋታው 48 ደቂቃ ነው፤ እሱ ግን ጭማሪ ሰዓቱ ተደምሮ በአማካይ 48.5 ደቂቃ ተጫውቷል። ማርች 2 ቀን 1962 ሄርሺ በምትባል የፔንሲልቬንያ ከተማ ኒው ዮርክ ኒክስ ላይ 100 ነጥብ አስቆጠረ። ነፃ ውርወራ ሁሌም ፈተናው ነበር፤ ያን ምሽት ግን ከ32ቱ 28ቱን አገባ።

ይህን ሁሉ ደርድሬ ለአንድ አንጋፋ ባልደረባዬ ሰጠሁት። አንብቦ ሲጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። «ራስል ስንት ኳስ አገደ?»

ፈለግኩ። የለም። ኤንቢኤ ብሎክ መቁጠር የጀመረው በ1973–74 ነው። ራስል ጫማውን የሰቀለው በ1969፣ ቻምበርሊን ደግሞ በ1973። ሁለቱ የዘመናቸው ግንቦች በይፋዊው መዝገብ ላይ አንድም ብሎክ የላቸውም።

ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም። የራስል ዋነኛ ሙያ መከላከል ነበርና። ኳስ ሲያግድ ወደ ተመልካቹ አይጠልዘውም። ለስለስ አድርጎ ወደ ጓደኞቹ ይነካዋል፣ ቦስተን ሴልቲክስም ከዚያው ወደ ፈጣን ማጥቃት ይሸጋገራል። ከዚህ የሚበልጠው ደግሞ ሊወረውር የመጣ ሰው ራስልን አይቶ ሐሳቡን ሲቀይር ነው። ያልተወረወረን ኳስ በየትኛው ሰንጠረዥ ትጽፉታላችሁ?

በዚያው በ1961–62 ሌላው የዘመኑ ኮከብ ኦስካር ሮበርትሰን በአማካይ 30.8 ነጥብ፣ 12.5 ሪባውንድና 11.4 አሲስት (ለነጥብ የበቃ ቅብብል) ይዞ ጨረሰ። ቻምበርሊን ከላይ ያልኳችሁን አደረገ። የዓመቱ ኮከብ ተጫዋች ተብሎ የተመረጠው ግን ራስል ነው። ያኔ ድምፅ የሚሰጡት ተጫዋቾቹ ራሳቸው ነበሩ። ክርኑን የቀመሱት፣ ክንዱ ከላያቸው የመጣባቸው ሰዎች ማለት ነው። እኔ ይህን ምስክርነት ከብዙ ቁጥር አስበልጠዋለሁ። ስለዚህም ዛሬ ብትጠይቁኝ መልሴ ራስል ነው።

ግን ደግሞ «ራስል 11 ዋንጫ፣ ቻምበርሊን 2፤ በቃ» እንዳትሉኝ። ይህም ውሃ አያነሳም። የራስል ጓደኛ ሳም ጆንስ 10 ዋንጫ አለው፣ ማይክል ጆርዳን 6። ሳም ጆንስ ድንቅ ተጫዋች ነው፤ ከጆርዳን ይበልጣል የሚል ሰው ግን አላጋጠመኝም። ዋንጫ የቡድን ነው። ራስል እንደ ቦብ ኩዚና ጆን ሃቭሊቼክ ካሉ ኮከቦች ጋር ተጫውቷል፣ ሬድ አወርባክን የመሰለ አሰልጣኝም ነበረው።

ዋንጫ ቆጠራ ምን ያህል እንደሚያታልል ማየት ከፈለጋችሁ የ1969ን ፍጻሜ ሰባተኛ ጨዋታ አጥኑ። ሎስ አንጀለስ ሌከርስ በሜዳው ነው፣ ለድሉ የተዘጋጀው ፊኛ ጣሪያው ላይ ተሰቅሏል። ሴልቲክስ ያረጀ ቡድን ነው፤ በምሥራቁ ምድብ አራተኛ ወጥቶ ነው ለማጣሪያ የደረሰው። ራስል ተጫዋችም አሰልጣኝም ነው። በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ያኔ ለሌከርስ ይጫወት የነበረው ቻምበርሊን ጉልበቱን ተጎድቶ ወጣ፣ በኋላ ልመለስ ሲል አሰልጣኙ አላስገባውም። ጥቂት ሲቀር የሴልቲክሱ ዶን ኔልሰን የወረወረው ኳስ የቅርጫቱን ብረት መትቶ ወደ ላይ ዘለለና ተመልሶ ገባ። 108 ለ 106፣ ሴልቲክስ። የሌከርሱ ጄሪ ዌስት በዚያ ጨዋታ 42 ነጥብ፣ 13 ሪባውንድና 12 አሲስት አስመዝግቦ ተሸነፈ። የፍጻሜው ኮከብ የተባለውም እሱ ነው፤ ከተሸናፊ ቡድን ይህን ሽልማት ያገኘ ሌላ ተጫዋች እስካሁን የለም። እስቲ ንገሩኝ፣ ያቺ ኳስ ብረቱን መትታ ወደ ውጭ ብትወጣ ኖሮ ዌስት ከነበረው የበለጠ ተጫዋች ይሆን ነበር?

የዘመኑን ሕግም እወቁ። የሦስት ነጥብ መስመር ኤንቢኤ የገባው በ1979 ነው። ዌስት ከሩቅ ያስቆጠራት ሁሉ ሁለት ነጥብ ናት። በ1961–62 አንድ ቡድን በጨዋታ ወደ 119 ነጥብ ያስቆጥር ነበር። ሩጫው ፈጣን ነው፣ ከሚወረወረው ኳስ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ይስታል። የሳተ ኳስ ሲበዛ ሪባውንድ ይበዛል። የቻምበርሊንን 25.7 ስታነቡ ይህን አብራችሁ አንብቡ። አሳንሱት ማለቴ አይደለም፤ በዚያው ሜዳ፣ በዚያው ሩጫ፣ እሱን የሚያህል አልነበረም።

ቡድኖችን ስታወዳድሩም እንዲሁ ነው። ቻምበርሊን የተጫወተበት የ1967ቱ ፊላዴልፊያ 68 አሸንፎ 13 ተሸንፏል፤ የ1996ቱ ቺካጎ ቡልስ 72 ለ 10 ነው። ሊጉ በ1967 10 ቡድን ነበረው፣ በ1996 29። ቡድን ሲያንስ ደካማ ተጋጣሚም ያንሳል፣ ከጠንካሮቹ ጋር ደጋግሞ መፋለም ይመጣል። የትኛው ይከብዳል? እኔ ለ1967ቱ ቡድን አደላለሁ። ያን ዓመት ቻምበርሊን ነጥቡን ቀንሶ ኳስ ማቀበልን መረጠ፣ የሴልቲክስን የስምንት ዓመት ተከታታይ ንግሥናም ሰበሩት።

አንድ ነገር ደግሞ ከሰንጠረዡ ውጭ አለ። በኦክቶበር 1961 ሴልቲክስ ለወዳጅነት ጨዋታ ኬንታኪ፣ ሌክሲንግተን ሄዶ ነበር። በሆቴሉ ቡና ቤት ጥቁር ተጫዋቾቹን አናስተናግድም አሏቸው። ራስልና ጥቁር ጓደኞቹ አንጫወትም ብለው ከተማውን ለቀው ወጡ። ያ ሰው ነው በዚያው ዓመት ኮከብ የተባለው። «ያኔ እኮ ቀላል ነበር» ልትሉ ስትቃጡ ይህን ቀን አስቡት።

ስትከራከሩም አፋችሁን ጠብቁ። ክርክር ሲሞቅ ከአፍ የሚወጣው ቃል ከተጫዋቹም ከጓደኛም ጋር ያጣላል። ራስልና ቻምበርሊን ሜዳ ላይ እየተፋለሙ እንኳ ወዳጆች ነበሩ፣ ማዕድ ይጋሩ ነበር። ከ1969ኙ ጨዋታ በኋላ ግን ራስል «ቻምበርሊን መውጣት አልነበረበትም» የሚል ነቀፋ በአደባባይ ሰነዘረ። ለብዙ ዓመታት ተኮራረፉ። የሜዳው ፉክክር ያላፈረሰውን ወዳጅነት አንድ ንግግር አፈረሰው። ራስል በኋላ መሳሳቱን አምኖ ይቅርታ ጠየቀ፣ ታረቁም። ቻምበርሊን በ1999 ሲሞት በመታሰቢያው ላይ ቆመው ስለ እሱ ከተናገሩት አንዱ ራስል ነበር።