ማሽኑ ጅማ የለም ብለሽ አትተዪው

ውድ እህቴ፣

በሜዲካል ላብራቶሪ ተመርቀሽ ጅማ ውስጥ በግል ክሊኒክ እየሠራሽ ነው። የባክቴሪያ ኢንዛይሞችን ቅርጽ በአንቲቦዲ (ሰውነት ባክቴሪያን ለመያዝ በሚሠራው ፕሮቲን) እየያዙ ማጥናት አጓጉቶሻል፤ ማስተርስ መማር ፈልገሻል። አጎትሽ ግን «ቅርጹን የሚያሳየው ማሽን እዚህ የለም፤ ገንዘብ ልስጥሽና የራስሽን ላብራቶሪ ክፈቺ» ብለውሻል።

ይቺ «ማሽኑ የለም» የምትባል ነገር ታንገበግበኛለች። እኔንም ከሆስፒታል ላብራቶሪ 11 ዓመት ንቅንቅ እንዳልል ያደረገችኝ እሷ ናት። ማስተርስ የገባሁት ከዚያ በኋላ ነው።

እስቲ ሥራውን እንየው። ቅርጹ በኤክስሬይ እንዲታይ ኢንዛይሙ መጀመሪያ ክሪስታል መሥራት፣ ማለትም በሥርዓት መደርደር አለበት። የሚወዛወዝ ወይም የባክቴሪያው ሽፋን ውስጥ የተቀበረ ኢንዛይም ደግሞ እሺ ብሎ አይደረደርም። በ1995 ፍራንክፈርት ያሉ ተመራማሪዎች ፓራኮከስ ዲናይትሪፊካንስ ከሚባል ባክቴሪያ የወሰዱትን ሳይቶክሮም ሲ ኦክሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም ቅርጹን ያወጡት የአንቲቦዲ ቁራጭ አጣብቀውበት ነው። ኢንዛይሞቹ እርስ በርስ የሚያያዙበት ገጽ አንሷቸው ነበር፤ ቁራጩ መያያዣ ሆነላቸው። በ1993 ደግሞ ብራስልስ ውስጥ በግመል ደም ለየት ያለ አንቲቦዲ ተገኘ። ጫፉ ተቆርጦ ሲወጣ ከተለመደው አንቲቦዲ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው የሚመዝነው። ኢ ኮላይ በሚባል ባክቴሪያ ውስጥ ይመረታል። ግመል ደግሞ እኛም አገር ሞልቷል።

ትልቁ ማሽን፣ ሲንክሮትሮን የሚባለው የኃይለኛ ኤክስሬይ ምንጭ፣ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። አውሮፓም ቢሆን ብዙው ዩኒቨርሲቲ የራሱ የለውም፤ ክሪስታሉን በፈሳሽ ናይትሮጅን አቀዝቅዞ ይልካል። አድካሚው ንጹሕ ፕሮቲን ማውጣቱ ነው፤ እሱ ደግሞ የእጅ ሥራ ነው። ዊዳል (የታይፎይድ ምርመራ) ስትሠሪ ሴረሙን ከባክቴሪያው ጠብታ ጋር ስታዟዙሪው አሸዋ የመሰለ ነገር ሲቋጠር አይተሽ የለ? አንቲቦዲ ባክቴሪያውን ሲይዝ ነው ያየሽው። ዓይንሽ ለምዶታል ማለት ነው።

የአጎትሽን ገንዘብ በተመለከተ፣ ስጦታ ነው ብድር? ላብራቶሪውስ በማን ስም ነው የሚወጣው? ይህን በግልጽ ሳትጠይቂ እንዳትነኪው። የወንድሞችሽን የትምህርት ቤት ክፍያ ብቻሽን መሸከሙም ይብቃ። አቅምሽ ስንት ብር እንደሆነ ቆርጠሽ ንገሪያቸው። 27 ዓመት አልረፈደም። እንግሊዝኛሽ እያነበብሽ ይስተካከላል።

ክሊኒኩን አሁን አትልቀቂ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሄደሽ ፕሮቲን የሚያጣራ መምህር ካለ አፈላልጊ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሽ ልታግዢ እንደምትችዪ ጠይቂ። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁ በጄኔሬተር ይሠራ እንደሆነም ጠይቂ። እኔ የሦስት ሳምንት ልፋቴ በአንድ ሌሊት ተበላሽቶብኛል።