የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ የታብሌት ፔን

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከዱባይ 2ኛ ጀነሬሽን አፕል ፔንስል ላከልኝ። አይፓዴ 9ኛ ጀነሬሽን ነው። ጎኑ ላይ ባስጠጋው አይለጠፍም፤ ብሉቱዝ ላይም አይመጣም። ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ ፔንስሉ ጤነኛ ሊሆን ይችላል፤ ለአይፓድዎ ግን አይሆንም። 2ኛው ጀነሬሽን ቻርጅ የሚደረገውም ሆነ የሚገናኘው በአይፓዱ ጎን በተሠራ ማግኔታዊ ማያያዣ ነው። የእርስዎ አይፓድ ይህ የለውም፤ ሶፍትዌር ማደስም አያመጣውም። የሚሆንዎት በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ ከኋላው ክዳን ያለው 1ኛ ጀነሬሽን ነው። እሽጉ ካልተከፈተ ቶሎ ያስቀይሩት።

ከውጭ የምታስልኩ ሁሉ አደራ፦ ሴቲንግስ፣ ጄነራል፣ ከዚያ አባውት ግቡና የሞዴሉን ስም ፎቶ አንስታችሁ አስቀድማችሁ ላኩ። ለምሳሌ 10ኛው ጀነሬሽን አይፓድ 1ኛውን ፔንስል የሚቀበለው በተጨማሪ አዳፕተር ነው። በ2024 የወጡት አይፓድ ኤርና ፕሮ ደግሞ 2ኛውን አይቀበሉም፤ ፔንስል ፕሮ ወይም ባለ ዩኤስቢ-ሲውን ይፈልጋሉ። ባለ ዩኤስቢ-ሲው የእጅን ጫና አይለይም፤ ጠበቅ ቢያደርጉትም ላላ ቢያደርጉትም መስመሩ አይወፍርም፣ አይቀጥንም። ለክፍል ማስታወሻ ይበቃል፤ ሥዕል ለሚሥል ሰው ግን አንመክረውም።

ጥያቄ፦ 1ኛ ጀነሬሽን ፔንስሌ መሳቢያ ውስጥ አምስት ወር ቆይቶ አልሠራ አለ።

መልስ፦ ባትሪው ጨርሶ ወርዶ ይሆናል። ሊቲየም ባትሪ ባይነካም ቀስ በቀስ ያልቃል፤ ከልክ በታች ሲወርድ ቻርጅ መቀበል ሊያቆም ይችላል። ተስፋ ከመቁረጥዎ በፊት ግን ጫፉን ወደ ቀኝ አዙረው ያጥብቁት፤ የላላ ጫፍ መስመር ይቆራርጣል ወይም ጭራሽ አይጽፍም። ቀጥሎ ብሉቱዝ ውስጥ የፔንስሉን ስም ፈልገው ፎርጌት ይበሉት፣ አይፓዱን አጥፍተው ያብሩት፣ ፔንስሉን ሰክተው ግማሽ ሰዓት ይተዉት። ፔር የሚል ጥያቄ ከመጣ ይንኩት፤ ተርፏል። ካልመጣ ባትሪው አብቅቷል ማለት ይቻላል፤ አካሉ በማጣበቂያ የታሸገ ስለሆነ ሳይሰበር አይከፈትም፣ ለጠጋኝ ገንዘብ አያውጡ። ደህናውን ግን ባይጠቀሙበትም በወር አንዴ ቻርጅ ያድርጉት። አይፓዱ ላይ ተሰክቶ ሳለ እንዳይገፋ ይጠንቀቁ፤ ሶኬቱ በቀላሉ ይሰበራል።

ጥያቄ፦ የሳምሰንግ ታብ ኤስ6 ላይት ፔን ቻርጅ የሚደረግበት ቦታ አጣሁ።

መልስ፦ የለውም፤ ባትሪም የለውም። ኃይል የሚያገኘው ከስክሪኑ ስር ከሚመነጭ መግነጢሳዊ መስክ ነው። መጻፍ ካቆመ መጀመሪያ ጫፉን ይመርምሩ፤ መለዋወጫ ጫፎችና መንቀያው በሳጥኑ ውስጥ አብረው መጥተው ሊሆን ስለሚችል ይፈልጉ። ማግኔት ያለው ሽፋን ከስክሪኑ ጀርባ ታጥፎ ከሆነም ይግለጡት፤ በዚያ አካባቢ መስመሩን ሊያዛባ ይችላል።