እናቴ የልብ ቫልቭ ሲቀየርላቸው የትኛው ማደንዘዣ ይሻላቸዋል?

ጥያቄ፦ እናቴ 76 ዓመታቸው ነው። የአኦርታ ቫልቫቸው እጅግ በመጥበቡ መቀየር እንዳለበት ሐኪሞች ነግረውናል፤ ሕክምናው ደረት ተከፍቶ ይሁን ወይም በጭን የደም ሥር በሚገባ ቱቦ ገና አልተወሰነም። አንድ ዘመዳችን «ሙሉ ማደንዘዣ ደካማ ልብ አይችለውም፤ የግድ ከሆነም በጋዝ ሳይሆን በደም ሥር ይሰጣቸው» ስላሉን ተጨንቀናል። የማደንዘዣው ዓይነት በእርግጥ ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል?

መልስ፦ ደረት ተከፍቶ ቫልቭ ሲቀየር ልብ እንዲቆም ይደረግና ሥራውን የልብና የሳንባ ማሽን ስለሚረከብ ሙሉ ማደንዘዣ ግዴታ ነው። ምርጫ የሚኖረው እናትዎ በቱቦ የሚታከሙ ከሆነ ነው።

ጋዙን በተመለከተ፣ እንደ ሴቮፍሉሬን ያሉ በትንፋሽ የሚሰጡ ማደንዘዣዎች የልብን ጡንቻ ከደም እጥረት ጉዳት እንደሚከላከሉ በቤተ ሙከራ በመታየቱ፣ በደም ሥር ከሚሰጡት ከነፕሮፖፎል ይልቅ እነሱን የሚመርጡ ባለሙያዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2019 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣው፣ 5,400 ሕሙማንን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ የተከታተለው ጥናት ግን በአንድ ዓመት ውስጥ የሞቱት ከጋዙ ወገን 2.8፣ ከሌላው ወገን 3.0 በመቶ መሆናቸውን በማሳየቱ አንዱን ከሌላው የሚያስመርጥ ልዩነት አልተገኘም። ሕሙማኑ የልብ የደም ሥር እንጂ የቫልቭ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ስላልነበሩ ውጤቱን እንዳለ ለእናትዎ ማዋል አይገባም፤ ሆኖም ለዘመዳችሁ ምክር ድጋፍ አይሆንም።

በቱቦ የሚደረገው ሕክምና እ.ኤ.አ. በ2002 በፈረንሳይ ሩዋን ከተማ በዶክተር አላን ክሪቢዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከናወን ታካሚው ሙሉ በሙሉ አልተኛም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ፣ በጀርመን በ447 ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናትም ሙሉ ማደንዘዣን ከቀላል ማረጋጊያና ከቦታ ማደንዘዣ ጋር አነጻጽሮ፣ ሞትን፣ ስትሮክን፣ ድንገተኛ የልብ ጥቃትን (ሃርት አታክ) እና የኩላሊት ጉዳትን ጨምሮ በ30 ቀን ውስጥ በታዩት ከባድ ችግሮች ድምር ጉልህ ልዩነት አላገኘም። ሙሉ በሙሉ ያልተኙት የደም ግፊት ከፍ የሚያደርግ መድኃኒት ያስፈለጋቸው ግን በአነስተኛ ቁጥር ነበር።

እኔ ከመድኃኒቱ ስም ይልቅ እጅግ የሚያሳስበኝ እንቅልፉ የሚጀምርባቸው ጥቂት ደቂቃዎች ናቸው። ቫልቩ ሲጠብ የግራው የልብ ክፍል እየወፈረ ይሄዳል፤ የወፈረውም ጡንቻ ብዙ ደም ይፈልጋል። ማደንዘዣው የደም ሥሮችን አላልቶ ግፊቱን ሲያወርደው ለጡንቻው የሚደርሰው ደም ያንሳል፣ ልብ ይደክማል፣ በመድከሙም ግፊቱ ይበልጥ ይወርዳል። ስለዚህ ጠንቃቃ የሰመመን ባለሙያ ከማስተኛቱ በፊት በእጅ አንጓ የደም ሥር ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ግፊቱን በየምቱ ይከታተላል፤ መድኃኒቱን ቀስ እያለ ይሰጣል፤ ግፊት የሚያነሣውንም መርፌ አስቀድሞ ሞልቶ ያስቀምጣል። የልብ ምት እንዳይፈጥንም ይጠብቃል። ደም ወደኋላ በሚመልስ የላላ ቫልቭ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ በዚያ ምቱ መዘግየቱና ግፊቱ ከልክ በላይ መውጣቱ ይጎዳል። ለአንዱ የሚበጀው አያያዝ ሌላውን ሊጎዳ የሚችለው በዚህ የተነሣ ነው፤ የጎረቤትና የዘመድ ልምድ ብቻውን እንዳይመራችሁ የምለምነውም ለዚህ ነው።

ከሰመመን ባለሙያው ጋር ስትነጋገሩ እናትዎ ራሳቸውን ስተው እንደሆነ፣ ደም ማቅጠኛ እንደሚወስዱ፣ ከቤተሰቡም በማደንዘዣ የተጎዳ ሰው ካለ ንገሩ። ምግብ ሲውጡ የሚቸገሩ ከሆነ ይህን በተለይ አትርሱት፤ በቀዶ ሕክምናው ወቅት ቫልቩን በአልትራሳውንድ ለማየት በጉሮሮ በኩል ወደ ምግብ ቧንቧ መሣሪያ ስለሚገባ፣ የቧንቧው ሕመም አስቀድሞ ካልታወቀ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል።