መልስ፦ ስለ ወለሉ ፕላስቲክና እርስ በርስ ስለተጣሉት ድመቶች

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ያለው ቤትህ የወለል ፕላስቲክ አልላቀቅ እንዳለህ፣ ድመቶችህም ሥራው ከተጀመረ ወዲህ እንደሚነካከሱ ጽፈሃል።

ፕላስቲኩን በካተር በስንዝር ስፋት ቁረጠውና እኩለ ቀን ላይ ጎትተው። የድሬ ሙቀት ሙጫውን ያለሰልስልሃል። የቀረውን በሙቅ ውሃ የተነከረ ጨርቅ አልብሰው፣ ከዚያ በስፓቱላ ፋቀው። በደረቁ ግን እንዳትሞርደው! የድሮ የወለል ፕላስቲክና ሙጫ አስቤስቶስ የሚባል ክር መሰል ማዕድን ሊኖርበት ይችላል፤ አቧራው ሳንባ ይጎዳል። በጣም አሮጌ ከሆነ ሳትነካው ላዩ ላይ ሌላ ብታነጥፍ ይሻላል።

ድመቶቹ? ድመት ቤቷን የምታውቀው በጠረን ነው። ጉንጯን እቃ ላይ የምታሻሸውም ለዚሁ ነው። ወለሉ ሲነሳ ጠረኑም አብሮ ሄደ፤ ግራ ቢገባቸው ነው የሚነካከሱት። ለጊዜው ለያያቸው። የአንዷን ጉንጭ በካልሲ አሽተህ ካልሲውን ሌላዋ ምግብ አጠገብ አኑረው። የኔዎቹ በአምስተኛው ቀን አንድ ጆንያ ላይ ተኙ።