የሰንዳፋ መኪና በደጄ ያልፋል

ባለፈው ሳምንት ካራ ታክሲ ስንጠብቅ አንዲት አዲስ የተመረቀች ነርስ፣ የጎረቤት ልጅ ናት፣ "ሲስተር፣ ሆስፒታላችን ልባቸውን ለሚታመሙ ሕፃናት ክትትል ሊጀምር ነው፣ መጀመሪያ ምን እናስገዛ?" አለችኝ። ደብተር አልኳት። ሳቀች።

እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

በ2001 ዓ.ም. ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ የልብ ማዕከሉ ከመከፈቱ በፊት ነው። ያኔ ልጆች ለቀዶ ሕክምና ወደ ውጭ ነበር የሚላኩት። እኔ በምሠራበት ሆስፒታል የተራ መዝገቡ በእጄ ነበር። አንዲት እናት የስምንት ወር ልጇን በጋቢ ጠቅልላ ከሰንዳፋ መጣች። ኅዳር ነው፣ ብርዱ ይቆረጥማል፣ ልጁ ግን ጡት ሲጠባ ግንባሩ በላብ ይርሳል። ሁለት ሦስቴ ይስብና ደክሞት ይተወዋል። በኢኮ፣ ማለትም በልብ አልትራሳውንድ፣ ሲታይ በታችኞቹ የልብ ክፍሎች መሃል ሰፊ ቀዳዳ ተገኘ። ስልክ የላትም፣ የሰፈሯን ባለሱቅ ቁጥር ሰጠችኝ። መዝገቡ ዳር ላይ በእርሳስ ጻፍኩት።

ተራው ሲደርስ ሁለቴ ደወልኩ። አይነሳም። ቀጣዩን ልጅ ጠራሁ።

እንዲህ ያለ ቀዳዳ ሳይደፈን ከቆየ ወደ ሳንባ የሚሄደው ደም ይበዛል፣ የሳንባው ደም ሥር እየደነደነ ይሄዳል፣ ከዚያ ቀዶ ሕክምናውም አይሆንም። ከአራት ዓመት በኋላ ይዛው ስትመጣ ከንፈሩ ጠቁሯል። ዶክተሩ ኢኮውን አይቶ ዝም አለ። "ባለሱቁ ሱቁን ሸጦ ሄደ፤ እናንተ ግን አታጡኝም ብዬ ነበር" አለችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ቤቴ እዚሁ ካራ ነው። የሰንዳፋ መኪና በደጄ ነው የሚያልፈው፣ ያኔም ያልፍ ነበር። ተሳፍሬ ሄጄ ቀበሌውን ብጠይቅ ግማሽ ቀን አይፈጅብኝም።

የዘንድሮ ልጆች ሁላችሁም ኢኮ ማሽኑ ጋ መቆም ነው የምትፈልጉት፣ ካርድ ክፍል ቁጭ የሚል የለም። ማሽኑን መናቄ አይደለም፣ ያለ እሱ ቀዳዳውን ማን ያየው ነበር? እንዲያውም ከደብተሩ በፊት እጅና እግር ላይ የሚደረገውን የአራስ ኦክሲጅን መለኪያ አስገዙ፣ አራስ ሳይወጣ ይለካበት። ስልክ ቁጥር ግን ሦስት ተቀበሉ፣ የጤና ኤክስቴንሽኗንም ጨምሩ።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ማክሰኞና ሐሙስ ሥራ የለኝም። መደወሉን ለእኔ ተዉልኝ።