ድንበር ከተሻገሩ በኋላ፦ ስለ ጋራ ዜግነት የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ደብረ ማርቆስ ተቀምጬ ሕግ ሳስተምር ዓመታት አልፈዋል። ከማስተምረው ሁሉ የሚያንገበግበኝ የዜግነት ሕግ ነው። የጎጃም ቤተሰብ ዛሬ ከቤሩት እስከ ዴንቨር ተበትኖ ሳለ ስለ ዜግነት የምናወራው ግን ከፓስፖርት አያልፍም። ብዙ አገሮች ስለሚጋሩት ዜግነት የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ባልሁት መሠረት የደረሱኝን ጥያቄዎች እነሆ።

ከፍኖተ ሰላም፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የጋራ ዜግነት ማለት ሁለት ፓስፖርት መያዝ ነው?

እግዚአብሔር ይመስገን። አይደለም። አንድ ሰው የሁለት አገር ዜጋ ሲሆን ጥምር ዜግነት አለው እንላለን፤ ሁለቱ አገሮች እርስ በርሳቸው ምንም ውል ላይኖራቸው ይችላል። የጋራ ዜግነት የሚባለው አገሮቹ ራሳቸው ተዋውለው ከየራሳቸው ዜግነት በላይ አንድ ተጨማሪ ሲያቆሙ ነው። ዋናው ምሳሌ የአውሮፓ ኅብረት ዜግነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1992 በማስትሪኽት ውል ተፈርሞ በ1993 ሥራ ላይ ዋለ። ፓስፖርታቸውን ያየ ሰው ሽፋኑ ላይ ከላይ የኅብረቱን ስም፣ ከሥሩ የአገሩን ስም ያነባል። ነገር ግን የላይኛው የቆመው በታችኛው ላይ ነው። መጀመሪያ ጣሊያናዊ ወይም ስዊድናዊ ያልሆነ ሰው የኅብረቱ ዜጋ ሊሆን አይችልም። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2020 ከኅብረቱ ሲወጡ ሌላ የአባል አገር ዜግነት የሌላቸው ሁሉ ያንን መብት አብረው አጡ፤ ብዙዎቹም መውጣቱን በድምፃቸው የተቃወሙ ነበሩ።

ከቡሬ፦ ለተራው ሰው ምን ይጠቅመዋል? ለነጋዴና ለባለሥልጣን ብቻ አይደለም ወይ?

ጥያቄዎ የነገሩን ሥር ነክቶታል። የጋራ ዜግነት የሚለካው በኬላው ላይ ሳይሆን ኬላውን ባለፉ ማግሥት ነው። መግባት ብቻ ከሆነ ቪዛም ያስገባል። የኅብረቱ ዜጋ በሌላው አባል አገር ሠርቶ ይኖራል፤ በሚኖርበት ከተማ የአካባቢ ምርጫና በአውሮፓ ፓርላማ ምርጫ ይመርጣል፣ ይመረጣል፤ የራሱ አገር ኤምባሲ በሌለበት ምድር የሌላው አባል አገር ኤምባሲ እንደ ራሱ ዜጋ ሊረዳው ይገባል። ይህ የመጨረሻው እኔን በጣም ይስበኛል፤ በባዕድ አገር ሰሚ አጥታ የምትንከራተት እኅት ላለችው ቤተሰብ ትርጉሙን ማስረዳት አያስፈልግም።

ፍርድ ቤቱም ይቆምለታል። አንድ የኮሎምቢያ ሰው ቤልጅየም ውስጥ ያለ ፈቃድ ሲኖር ሁለት ልጆች ተወለዱለት፤ ልጆቹ የቤልጅየም ዜጎች ሆኑ። የቤልጅየም መሥሪያ ቤት አባትየውን የመኖሪያና የሥራ ፈቃድ ነሣው። የኅብረቱ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 በሰጠው ፍርድ አባት ከተባረረ ሕፃናቱም አብረው መሰደዳቸው አይቀርም፣ ያኔ ዜግነታቸው ባዶ ስም ይሆናል በሚል ምክንያት ለአባትየው ፈረደ። ዜግነት ሥጋና ደም ሲለብስ እንዲህ ነው።

ድሀው ግን ዛሬም በሩ ላይ ይጠየቃል። ከሦስት ወር በላይ ለመቆየት ሥራ ያለው ወይም ራሱን የሚያስተዳድርበት ገንዘብና የጤና መድን የያዘ መሆን አለበት። አምስት ዓመት በሕጋዊ መንገድ ከኖረ ቋሚ ነዋሪነት ያገኛል። የእርስዎ ጥርጣሬ መሠረት የለውም አልልም።

ከዳንግላ፦ ወንድሜ ጀርመን አገር የመኖሪያ ፈቃድ አለው። የኅብረቱ ዜጋ ይባላል?

አይባልም። ነዋሪ ነው። ዜጋ የሚሆነው የጀርመንን ዜግነት ሲያገኝ ነው።

ከሞጣ፣ አንድ መሪጌታ፦ ልጄ፣ ይህ ነገር ፈረንጅ ዛሬ ያመጣው ነው ወይስ ዱሮም ነበር?

ይባርኩኝ መሪጌታ። ለእርስዎ ጳውሎስን ማስታወስ ደፍሮ መናገር ይሆንብኛል። የጠርሴስ ሰው፣ በዘሩ አይሁዳዊ፣ በዜግነቱ ደግሞ ሮማዊ ነበረ። ሊገርፉት ሲያስሩት ሮማዊ መሆኑን ቢናገር የሻለቃው እጅ ተሰበሰበ፤ ጉዳዩንም እስከ ቄሣር በይግባኝ አደረሰ። እ.ኤ.አ. በ212 ደግሞ የሮሙ ቄሣር ካራካላ በግዛቱ ላሉት ነጻ ሰዎች ሁሉ ማለት ይቻላል ዜግነቱን ሰጠ። እዚህ እኛ ዘንድ የቆሎ ተማሪው የዚህን ዓይነት ነገር ኖሮበታል፤ ከሸዋም ከላስታም መጥቶ ዋሸራ ወይም ጎንጅ ቅኔ ሲቆጥር መንደሩ ባዕድ ነህ አላለውም፣ ቁራሽም አልነፈገውም። ልዩነቱ፣ ተማሪው የኖረው በሰዎች ደግነት ነው፤ ጳውሎስ ግን መብቱን ጠቅሶ ዳኛ ፊት ቆመ።

ከደጀን፦ የአፍሪካ ፓስፖርት ይወጣል ሲባል ሰማን። የት ደረሰ?

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2016 ኪጋሊ ላይ ይፋ ሆነ፤ የመጀመሪያዎቹን የተቀበሉት የቻዱና የሩዋንዳው ፕሬዚዳንቶች ነበሩ። በተራው ሰው ኪስ ግን አልገባም። እ.ኤ.አ. በ2018 አዲስ አበባ ላይ የሰዎችን ነጻ ዝውውር የሚመለከት ፕሮቶኮል፣ ማለትም የአገሮች ስምምነት፣ በአፍሪካ ኅብረት ተቀባይነት አገኘ፤ ሥራ ላይ እንዲውል 15 አገሮች ሊያጸድቁት ይገባ ነበር፣ ያጸደቁት ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ምዕራብ አፍሪካ ቀድሞናል። የኢኮዋስ፣ ማለትም የምዕራብ አፍሪካ የኢኮኖሚ ማኅበር፣ አገሮች እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በተዋዋሉት መሠረት የአባል አገር ዜጋ ያለ ቪዛ 90 ቀን ይቆያል። ማሊ፣ ቡርኪና ፋሶና ኒጀር እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ሲወጡ እንኳ ማኅበሩ ፓስፖርታቸውን ለጊዜው መቀበሉን እንደሚቀጥል አስታውቋል። መንግሥታት ቢቀያየሙም ገበያው አንድ ስለሆነ መሰለኝ። የእኛ የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ማኅበር ኢጋድም እ.ኤ.አ. በ2020 በሚኒስትሮች ደረጃ የተስማማበት የራሱ ፕሮቶኮል አለው። እኔ ተስፋዬን የምጥለው ከአህጉሩ ይልቅ በጎረቤታሞቹ ላይ ነው፤ ከብት አርቢውና የቀን ሠራተኛው ድንበሩን አስቀድመው እየተሻገሩት ነውና ሕጉ የሚከተላቸው ይሆናል።

ከቻግኒ፦ እኛ ከመተከል ተፈናቅለን የመጣን ነን። በገዛ አገራችን መኖር ያልቻልን ሰዎች ስለ ጎረቤት አገር ዜግነት ማውራት ምን ይፈይድልናል?

ወንድሜ፣ ከቀረቡልኝ ሁሉ ከባዱ የእርስዎ ነው። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በአገሪቱ ውስጥ የመዘዋወርና የመኖሪያ ቦታውን የመምረጥ ነጻነት እንዳለው ይደነግጋል። ሰነዱ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ብዙ ክልል በአንድ ጣሪያ ሥር ያለበት አገር ዜግነት ራሱ የጋራ ዜግነት ነው፤ አንዱ ክልል የሌላውን ሰው እንግዳ ካደረገው የላይኛው ስም ብቻውን ያድራል። የኢጋድን ፕሮቶኮል መደገፌን አልተውም። ሆኖም እርስዎ ወደ እርሻዎ በሰላም ተመልሰው ሲያርሱና የነጠቀዎት ሰው ፍርድ ቤት ሲቀርብ ሳላይ በዚህ ጉዳይ ተራመድን ለማለት አልደፍርም።

ከብቸና፦ ልጄ አሜሪካዊ ሆኗል። ኢትዮጵያዊነቱ ቀርቷል ማለት ነው?

እትዬ፣ በሕጉ አዎን። በአዋጅ ቁጥር 378/1996 አንቀጽ 20 መሠረት በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የያዘ ሰው ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን ትቷል ይባላል። በምትኩ በአዋጅ 270/1994 ቢጫ ካርድ የሚባለውን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ማውጣት ይችላል፤ በእርሱ ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራል፣ ቤት ያፈራል፣ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ይሠማራል። መምረጥና መመረጥ ግን አይችልም፤ በመከላከያ፣ በጸጥታና በውጭ ጉዳይ በመደበኛነት አይቀጠርም። መኖሪያውን ኢትዮጵያ ውስጥ አድርጎ የውጭውን ዜግነት ከተወ ዜግነቱ እንዲመለስለት ማመልከት ይችላል። ልጆቻችንን ከሁለት አንዱን ምረጡ የሚለው ሕግ መሻሻል አለበት ባይ ነኝ።

ከደብረ ኤልያስ፦ የእኅቴ ልጅ ውጭ አገር ተወልዳ የዚያን አገር ዜግነት በትውልድ አገኘች። እናትና አባቷ ኢትዮጵያውያን ናቸው።

እንግዲያውስ ልጅቱ ኢትዮጵያዊት ናት፤ ከወላጆች አንዱ እንኳ ኢትዮጵያዊ ከሆነ በቂ ነው። ነገር ግን 18 ዓመት በሞላት በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ትቼ ኢትዮጵያዊነቴን እይዛለሁ ብላ ለሚመለከተው ባለሥልጣን ካላስታወቀች በፈቃዷ እንደተወችው ይቆጠራል። እኅትዎ የልደት ቀኗን ከአሁኑ ይጻፉት፣ ውሳኔውንም ከልጅቱ ጋር አስቀድመው ይነጋገሩበት።